ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት

ከትኬቱ መስኮት ወዲህ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣
የልጅ ጋሪ አከራያለሁ፤ ስድስት ዓመቴ ስሰጥ፣ ስቀበል፣ ስቆጥር።
ስሜ ኦርቪል ነው፤ ደረቴ ላይ ተጽፏል፤
ድሮ የአውቶቡስ ሞተር ነበር የምፈታው፣ ጉልበቴ እዚያ አልቋል።

ፍሎሪዳ በሐምሌ፣ ገና በሁለት ሰዓት ጠዋት፣
አስፋልቱ ይለሰልሳል፤ አየሩ ይጫንሃል እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ክብደት።
ቤተሰብ ይመጣል፣ ውኃውን አንጠልጥሎ፣
አባት ካርታ ዘርግቶ፣ እናት ክሬም ቀብታ፣ ልጅ ከፊት ከፊት ዘሎ።
ስንት ዓመቱ ነው ብዬ አልጠይቅም፤ ደንቡም አይጠይቅ፤
ክብደቱን ብቻ በዓይኔ እመዝናለሁ፣ መንኩራኩሩ እንዳይላቀቅ።

በፊት ግን፣ እውነት ለመናገር፣ በሆዴ እፈርድ ነበር፤
"ይሄ ጎረምሳ በጋሪ? ወይ ይህች አገር!"
እግሩ መሬት ሲጠርግ፣ ጉልበቱ አገጩን ሲነካ፣
"ጢሙን እንላጭለት!" እላት ነበር ለዳርሊን፣ ስስቅ፣ ሳስካካ።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ልጅ መጣ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው፤
ከኦሃዮ ናቸው፤ ዌንደል ይባላል፤ የፊት ጥርሱ ግማሽ የበቀለው።
እናቱ ከፈለች። ጋሪ ሳብኩ፤ ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት።
ልጁ ሸሸ፣ ጋሪው የሚነክስ ይመስል፣ በድንጋጤም፣ በኩራት።
"እኔ ሕፃን ነኝ?" አለ፣ ድምፁን አወፍሮ።
"ለቦርሳው ነው" አለች እናቱ፤ ወደ እኔ ጠቀሰች፣ ፊቷ ሳቅ ቋጥሮ።
ለቦርሳው ነው፤ አዎ።
ቦርሳው እንደ ንጉሥ ተቀመጠ፤ ልጁ ከጎኑ ተራመደ፤
ወደ ሮለር ኮስተሩ፣ ወደ ጩኸቱ፣ ሕዝቡ መሐል ሄደ።

በዚህ ግቢ ውስጥ ቀን ሙሉ የዞረ ሰው፣
ሲመሽ ቢለካው ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ነው።
ለክቼዋለሁ፣ እርምጃ በሚቆጥረው የዳርሊን ሰዓት፤
ሰልፉን ሳልጨምር፤ መቆም ምን ያደክማል አትበሉት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ፣ እንደ ልማዱ፤
አራግፎ፣ እንፋሎት ለቆ ሄደ፤ ሰውም ወጣ ወደ መንገዱ።
ያኔ አየሁት፤
ቦርሳው በእናቱ ጀርባ፣ ዌንደል በቦርሳው ስፍራ፣
አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ አንገቱ ዘንበል ብሎ ወደ ግራ፤
ረጃጅም እግሮቹ ታጥፈው፣ ልክ እንደ ፌንጣ፣
እጁ ፈንዲሻ ጨብጦ፣ ከጣቶቹ መሐል እየወጣ።
አንዲት ሴት አየችው፤ ነጭ ኮፍያ፣ ትልቅ መነጽር፤
"ይሄንን የሚያክል!" አለች፤ ለባሏ ነው፤ ግን እኛም እንድንሰማ ነበር።
እናቱ ሰማች። አልመለሰችም።
የጋሪውን ጥላ ወደፊት ሳበችው፣ ፀሐይ ፊቱን እንዳትነካ፤
ደግሞ ገፋች፤ የግራው መንኩራኩር ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ዘይት የረሳሁት እኔ ነኝ ለካ።

እኔም አንድ ልጅ ነበረኝ። አለኝ። ክላይቭ ይባላል፤
አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ለገና ይደውላል።
ስድስት ዓመቱ ሳለ፣ በወረዳው የከብት ትርኢት፣ በነሐሴ፣
"ተራመድ! ትልቅ ሰው ነህ!" አልኩት፤ ያኔ ደንዳና ነበረች ነፍሴ።
ተራመደ። እስከ መኪናው፣ ሜዳ ሙሉ መኪና አልፎ፣
ጫማው እግሩን ቢልጠው አውልቆ፣ እንደ ቡችላ ታቅፎ።
አላለቀሰም።
ክንዴ ያን ቀን ምንም አልያዘም ነበር።

ሲመሽ ርችቱ አልቆ፣ ጭሱ ሰማይ ላይ ሲቀር፣
ጋሪዎቹ ይመለሳሉ፤ አንዱ በአይስክሬም ተለስኖ፣ አንዱ ፊኛ እንዳሰረ፣ አንዱ ብሎኑ ላልቶ ሲዞር።
ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለትም መጣ፤ ዌንደል ራሱ ነው የሚገፋው፤
"ለቦርሳው ነበር" አለኝ፣ የጨርቁ ስፌት ጉንጩ ላይ ታትሞ፣ ሳልጠይቀው።
"አውቃለሁ" አልኩት። "ቦርሳ ከባድ ነገር ነው።"

ከሄዱ በኋላ ገለበጥኩት፤ ጠብ አደረግሁበት ዘይት፤
ሁለት ፈንዲሻ ወደቀ፣ አንድ ሳንቲም፣ ግማሽ ትኬት።
ዳርሊን መብራት እያጠፋች ነው።
መንኩራኩሩን በጣቴ መታሁት፤ ድምፅ የለውም፤ ይዞራል፣ ይዞራል፤
ገና እስኪደርስ አምስት ወር ይቀራል።